አግሪየብል ግሬይ ወይስ አክሰሰብል ቤዥ? ሁለቱን ቀለሞች እቤታችን ግድግዳ ላይ አይተናቸዋል

መልሱን ከፊት ልንገራችሁ፤ እስከ መጨረሻው ለማንበብ ጊዜ የሌለው ሰው ይኖራል። የሳሎናችሁ መስኮት ወደ ሰሜን የሚያይ ከሆነና ወለላችሁ ያ ብርቱካንማ የኦክ እንጨት ከሆነ አክሰሰብል ቤዥን ቀቡ። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚገባበት ክፍል ከሆነ አግሪየብል ግሬይን ቀቡ። ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ሱቅ በሚሰጠው የቀለም ናሙና ካርድ ላይ ሆነው አንዱ ከሌላው አይበልጥም፤ የሚበላለጡት ክፍል ውስጥ ከገቡ በኋላ ነው።

አሜሪካ ቤት የገዛ ወይም ሊሸጥ ያሰበ ሰው እነዚህን ሁለት ስሞች ሳይሰማ አይቀርም። ኤጀንቱ ይነግረዋል፣ ቀለም ቀቢው ይነግረዋል፣ ባለፈው ዓመት ቤቷን ያስቀባች ጓደኛ ትነግረዋለች። ሁለቱም የቀለም ኩባንያው የሸርዊን ዊሊያምስ ናቸው። አግሪየብል ግሬይ ኮዱ ኤስ ደብሊው 7029 ነው፣ አክሰሰብል ቤዥ ደግሞ ኤስ ደብሊው 7036። ኩባንያው ከ1,500 በላይ ቀለም አለው። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ሰዉ ተሰብስቦ እነዚህ ሁለቱ ላይ የሚጣላው ለምን እንደሆነ መጀመሪያ ግራ ገብቶኝ ነበር፤ ለካ ቤት ሙሉ ሶፋ፣ ምንጣፍ፣ መጋረጃና የሠርግ ፎቶ ላለው ሰው የማይጮህ ግድግዳ እንደነዚህ ያለ ብዙ የለም።

ካርዱን ይዛችሁ ሱቅ ውስጥ ብትቆሙ ልዩነታቸው እምብዛም አይታይም። ምክንያቱ ቁጥሩ ላይ አለ። ኮምፒውተር ቀለምን በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ቁጥር ነው የሚያስቀምጠው። አግሪየብል ግሬይ 209፣ 203፣ 193 ነው። አክሰሰብል ቤዥ 209፣ 199፣ 184። ቀዩ እኩል ነው። አረንጓዴው በ4 ይለያያል። ሰማያዊው ግን በ9 ይቀንሳል፤ ቤዡን የሚያሞቀው እሱ ነው፣ ሰማያዊ ሲቀንስ ቢጫነት ይወጣልና። ብርሃን የመመለስ አቅማቸውን የሚናገር ሌላ ቁጥርም ካርዱ ጀርባ ላይ ታገኛላችሁ፣ ኤል አር ቪ ይሉታል። 0 ድፍን ጥቁር ነው፣ 100 ንጹሕ ነጭ። ግሬዩ 60፣ ቤዡ 58። ስለዚህ «የትኛው ክፍሉን ያደምቅልኛል?» ብላችሁ አትጨነቁ፣ በድምቀት እኩያ ናቸው ማለት ይቻላል። ጥያቄው የሙቀትና የቅዝቃዜ ነው።

ቤታችን ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ታውንሃውስ ነው። ታውንሃውስ የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ ግራና ቀኙ ከጎረቤት ጋር የተጣበቀ ስለሆነ መስኮት ያለው ከፊትና ከኋላ ብቻ ነው። የኛ የፊቱ ወደ ሰሜን ነው፣ የኋላው ወደ ደቡብ። ሳሎኑ ከፊት ነው። ወጥ ቤቱና ምግብ የምንበላበት ከኋላ። ለቀለም ሙከራ ከዚህ የተሻለ ቤት አይገኝም፤ ለመኖር ግን ክረምት ላይ ሳሎኑ ሰባት ሰዓት ሳይሞላ የመሸ ይመስላል።

ሰሜን ሳሎን ውስጥ አግሪየብል ግሬይ ጠዋት ጠዋት ደስ ይላል። ረጋ ያለ፣ ንጹሕ፣ ያልተጋነነ ግራጫ ነው። ሰማዩ ሲደምን ግን ነገሩ ይለወጣል። ከሰሜን መስኮት የሚገባው ብርሃን ከፀሐይዋ በቀጥታ ሳይሆን ከሰማዩ የሚመጣ ስለሆነ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ግራጫው ላይ ሲያርፍ ደግሞ ወይን ጠጅ ወይን ጠጅ የሚል ስውር ነገር ያወጣል። ብርቱካንማው ወለላችን አጠገቡ ሲሆን ይብሳል። ግድግዳው በቀዘቀዘ ቁጥር ወለሉ ይበልጥ ብርቱካን ይሆናል፣ ወለሉ ብርቱካን በሆነ ቁጥር ግድግዳው ይበልጥ ይቀዘቅዛል። እርስ በርስ ይካሰሳሉ።

አክሰሰብል ቤዥ እዚያው ግድግዳ ላይ፣ በዚያው ደመና፣ ቤዥ ሆኖ ይቀራል። በውስጡ በቂ ግራጫ ስላለው ያ የድሮ አፓርታማ ቢጫ ክሬም አይሆንም፣ ለዓይን ግን ሞቅ ይላል። ወለሉንም ያባብለዋል። ቡናማ የቆዳ ሶፋ ላለው ቤት ደግሞ (የኛ ሰው ቤት ግማሹ ቡናማ የቆዳ ሶፋ አለው፣ አንካካድ) ያለ ክርክር ቤዡ ነው።

እማዬ በዚያው ሰሞን ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር። ናሙናዎቹን ግድግዳው ላይ ለጥፌ ስመላለስ አየችኝና፣

«አንቺ ልጅ፣ ሁለቱም ያው አይደሉም እንዴ?» አለችኝ።

«አይደሉም እማዬ፣ ቀረብ ብለሽ እዪያቸው።»

«አየሁ እኮ። ይልቅ ነጭ ቀቢና ገላግዪው።»

ማታ መብራት ሲበራ ግን ቡናዋን ይዛ ከሶፋው ሳትነሳ ግሬዩን በአገጯ አመለከተችና «ይሄኛው ምነው ፊቱ ገረጣ?» አለች። እኔ ኢንተርኔት ላይ ስዳክር የሰነበትኩበትን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው። የምትመርጡት ለምሽት ከሆነ በምሽት እዩት፤ እንግዳ የሚመጣው፣ ቡና የሚፈላው፣ ቤተሰቡ የሚሰበሰበው ያኔ ነው።

እዚህ ላይ ስለ አምፖል ማውራት ግድ ነው። የኛ ሰው ነጭ መብራት ይወዳል። እንደ ክሊኒክ ቦግ ያለ መብራት ካልሆነ ቤቱ የጨለመ ይመስለዋል። አምፖሉ ካርቶን ላይ በኬልቪን የተጻፈ ቁጥር አለ። 2700 ሞቅ ያለ ቢጫማ ነው፣ 3000 ትንሽ ጠራ ያለ፣ 5000 ደግሞ ያው ነጩ። አግሪየብል ግሬይ ከ5000 ጋር ሰሜን ክፍል ውስጥ ከተገናኘ ሲሚንቶ ይሆናል። 2700 ካደረጋችሁለት ይመለሳል፣ ደስ የሚል ቀለም ይሆናል። አክሰሰብል ቤዥ ከ2700 ጋር በጣም ይሞቃል፣ ለአንዳንድ ዓይን ከልክ ያልፋል፤ 3000 ላይ ልክ ነው። ስለዚህ ምክሬ አምፖሉን መጀመሪያ ቀይሩ፣ ቀለሙን ከዚያ ምረጡ ነው። አምፖል በጥቂት ዶላር ይገኛል፣ ቀለምና ቀቢ ግን እንደዚያ አይደለም። እንዲያውም አምፖሉን ቀይሮ የድሮ ግድግዳውን መልሶ የወደደ ሰው አውቃለሁ፤ ሳይቀባ ቀረ።

ሌላው የሚያጨቃጭቅ ነገር ስልክ ነው። ግድግዳውን ፎቶ አንስታችሁ በቴሌግራም ለቤተሰብ ልካችሁ «የቱ ይሻላል?» አትበሉ። የስልክ ካሜራ ብርሃኑን በራሱ ያስተካክላል፣ ቀዝቃዛውን ያሞቃል፣ ሞቃቱን ያቀዘቅዛል። እናንተ ያያችሁት ልዩነት ፎቶው ላይ ጠፍቶ ወይም ተገልብጦ ይደርሳል። ከዚያ አክስት አንዱን ትመርጣለች፣ አጎት ሌላውን፣ እናንተም ያልነበረ ቀለም ላይ ድምፅ ስታሰባስቡ ታመሻላችሁ።

እህቴ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሟን ልታስቀባ ስትል ይህንን ሁሉ ነገርኳትና «የኔም ሳሎን ወደ ሰሜን ነው፣ ቤዡን ልውሰድ?» አለችኝ። ቆይ አልኳት። አሜሪካኖች ስለ ሰሜን ክፍል የሚጽፉት ለራሳቸው አገር ነው። ሜሪላንድ ከምድር ወገብ በ39 ዲግሪ ትርቃለች፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ነው የምትውለው። የሰሜን መስኮት በጋ ላይ በማለዳና በምሽት ጫፍ ካልሆነ ጨረር አያገኝም። አዲስ አበባ ግን 9 ዲግሪ ላይ ናት። በኛ አቆጣጠር ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ገደማ የቀትር ፀሐይ ከአናት አልፋ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። በሚያዝያና በግንቦት የሰሜኑ ሳሎን ራሱ ፀሐይ ያያል ማለት ነው፤ ከዚያ ክረምቱ ይገባና ደመናው ይሸፍነዋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ፀሐይ የሚያገኘው የደቡቡ ክፍል ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ላለ ሰው ከአቅጣጫው በላይ ማየት ያለበት ፊት ለፊት የቆመውን ሕንፃ ነው። ከመስኮቱ ማዶ ጡብማ ቀይ ሕንፃ ካለ ክፍሉ ቀይ ቀይ ይላል፣ ሰማያዊ መስታወት ከሆነ ደግሞ ሰማያዊ። እህቴ ፊት ለፊቷ ቢጫ የተቀባ ብሎክ ነው ያለው። ለሷ ወደ ግራጫው የሚያደላው ይሻላታል አልኳት።

ናሙና ስለማየት። ትንሿ ካርድ ምንም አትነግራችሁም። ጀርባው የሚለጠፍ ትልቅ ናሙና ይሸጣል፣ በተለይ እንደ እኔ ግድግዳውን በተለያየ ቀለም ማዥጎርጎር ለማትፈልጉ ጥሩ ነው፤ ከአንዱ ግድግዳ ላይ ተነቅሎ ሌላው ላይ ይለጠፋል። ካልሆነ ትንሽ ናሙና ቀለም ገዝታችሁ ወፍራም ነጭ ካርቶን ላይ ሁለት እጅ ቀቡት። አንድ እጅ አይበቃም። ርጥብ ሳለም አትፍረዱ፣ ውሃ ቀለም ሲደርቅ ይጠቁራል። ካርቶኑን አቁሙት እንጂ ጠረጴዛ ላይ አታስተኙት፣ ብርሃኑ በሌላ መንገድ ያርፍበታል። ከሁሉም በላይ የድሮ ቀለማችሁ ቢጫ ከሆነ ናሙናውን ዝም ብላችሁ አትለጥፉበት፤ ከቢጫ አጠገብ ያለ ግራጫ ወደ ሰማያዊ ያመልጣል። ዙሪያውን ነጭ ወረቀት አድርጉለት። ሁለቱን ናሙናዎችም አጠገብ ለአጠገብ ብቻ እያያችሁ አትወስኑ፣ ለየብቻ አንዱን አንዱን እየነቀላችሁ እዩ። ጎን ለጎን ሲሆኑ ልዩነታቸው ይጋነናል። ከተቀባ በኋላ እኮ ሁለተኛው እዚያ የለም።

አንድ ያናደደኝን ነገር ልናገር። ለመጀመሪያው ክፍል «ኮዱን ስጪንና እኛው ቀላቅለን በርካሽ እንሰጥሻለን» ያለኝ ሌላ ትልቅ መደብር ነበር። ስሙ ይቅር። የመጣው ቀለም ቤዥ ነው፣ አክሰሰብል ቤዥ ግን አይደለም፤ ቀን ላይ አረንጓዴ አረንጓዴ ይላል። ብመልሰውም የተቀላቀለ ቀለም አንወስድም አሉኝ። የሌላ ኩባንያ መሠረት ቀለም የራሱ ነጭነት አለው፣ ማቅለሚያውም ሌላ ነው፣ ስለዚህ ኮዱ አንድ ቢሆንም ውጤቱ ላይገጥም ይችላል። ለጋራዥ ምንም አይደለም። እንደነዚህ በጥቂት ቁጥር ስለሚለያዩ ቀለሞች ስታወሩ ግን ወደ ባለቤቱ ሱቅ ሂዱ።

ስለ ዋጋ ከተነሳ፣ ሸርዊን ዊሊያምስ መደርደሪያው ላይ የሚለጥፈው ዋጋ ያስደነግጣል። በዚያ ዋጋ አትግዙ። 30 ወይም 40 በመቶ ቅናሽ ቶሎ ቶሎ ያደርጋሉ፣ ትንሽ መታገሥ ነው። ከዚያ የተሻለው መንገድ ደግሞ ቀለም ቀቢያችሁ ራሱ በሥራ አካውንቱ እንዲገዛላችሁ ማድረግ ነው፤ በዚህ አካባቢ ቀለም ሥራ ላይ ያሉ አበሾች ጥቂት አይደሉም፣ ጠይቁ። የቤቱን ስፋት ለማስላት፣ አንድ ጋሎን ለአንድ እጅ ከ350 እስከ 400 ካሬ ጫማ ይሸፍናል። 12 በ15 ጫማ የሆነ፣ ጣሪያው 8 ጫማ የሆነ ክፍል የግድግዳዎቹ ስፋት በድምሩ 432 ካሬ ጫማ ይመጣል፣ በርና መስኮቱን ስትቀንሱ ለሁለት እጅ ሁለት ጋሎን ይበቃችኋል። ሁለቱን ጋሎን አንድ ትልቅ ባልዲ ውስጥ ደባልቃችሁ ጀምሩ። ማሽን ቢቀላቅለውም ከጋሎን ጋሎን ኢምንት ልዩነት ሊኖር ይችላል፣ እንዲህ ባለ ለስላሳ ቀለም ደግሞ ግድግዳ መሃል ላይ ይታወቃል።

የቀለሙ ዓይነት ላይ ከሸርዊን ዊሊያምስ ምርቶች ለሳሎንና ለኮሪደር ኤመራልድን እመርጣለሁ፣ ለመኝታ ቤት ሱፐርፔይንት በቂ ነው። አንጸባራቂነቱ ግን ለኛ ቤት የተለየ ጥያቄ አለው። እኛ ቤት ውስጥ ቡና እንቆላለን፣ እጣን እናጨሳለን። ረከቦቱ የሚቀመጥበት ጥግ ከላይ ያለው ግድግዳ ከጊዜ በኋላ ይጠይማል፣ ወጥ ቤቱ ደግሞ የቁሌቱን እንፋሎትና የበርበሬውን ርጭት ይቀበላል። ሙሉ በሙሉ የማያንጸባርቀው ፍላት የሚባለው ለዚህ አይሆንም፣ በጨርቅ ሲጠርጉት ምልክት ይይዛል። ትንሽ የሚያብለጨልጨው ሳቲን ይታጠባል። ችግሩ ሳቲን የግድግዳውን እብጠትና ጠባሳ ሁሉ ያሳያል፣ በኋላም አንድ ቦታ ብቻ ልትነካኩት ብትሉ እንደ ጥገና ሆኖ ይታያል። እኛ ሳሎኑን ማት (እምብዛም የማያብለጨልጨውን)፣ የረከቦቱን ግድግዳና ወጥ ቤቱን ሳቲን አደረግነው። አንድ ዓይነት ኮድ ሆኖ ሳቲኑ መስኮት ፊት ትንሽ የነጣ ይመስላል፣ ጥግ ላይ ስለሚገናኙ ግን ማንም ልብ አይልም።

ሁለቱን አንድ ቤት ውስጥ መቀባት ይቻላል ወይ ለምትሉ፣ ይቻላል፣ እኛም አድርገነዋል፤ ታች አክሰሰብል ቤዥ፣ ላይ ፀሐይ የሚጠግበው የደቡቡ መኝታ ቤት አግሪየብል ግሬይ። እዚያ ፀሐይ ሲያርፍበት ያ ወይን ጠጅነት የለም፣ ቤዡን ብንቀባው ከሰዓት በኋላ ቅቤ ይሆን ነበር። ብቻ ሁለቱን አንድ ጥግ ላይ አታገናኟቸው። በጣም ስለሚቀራረቡ የተለያየ ቀለም አይመስሉም፤ አንዱ ግድግዳ የቆሸሸ ነው የሚመስለው። በር ላይ ቁረጧቸው። የበሩ ጠርዝ ነጭ ሆኖ መሃል ሲገባ ዓይን ያርፋል።

ነጩስ? ለበርና ለመስኮት ጠርዝ ፒዩር ዋይት፣ ኤስ ደብሊው 7005፣ ከሁለቱም ጋር ይስማማል። ኤክስትራ ዋይት ከግሬዩ ጋር ያስኬዳል፣ ከቤዡ ጋር ግን ሰማያዊ ቢጤ ይሆንና ቤዡን ያቆሽሸዋል። ቀቢዎች ጣሪያውን በተገኘው ነጭ ይቀባሉ፣ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

«ሪፖዝ ግሬይስ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ኤስ ደብሊው 7015 ነው፣ ኤል አር ቪው 58። ከሁለቱም ይቀዘቅዛል። ማያሚ ወይም ቴክሳስ ፀሐይ የሚያቃጥለው ቤት ውስጥ አምሮ ሊታይ ይችላል፣ የሜሪላንድ ሰሜን ሳሎን ውስጥ ግን አልሞክረውም።

ኮሪደሩ መስኮት ስለሌለው የሚወስነው አምፖሉ ብቻ ነው፣ ከሳሎን ሲታይ እንዳይቆረጥ ብለን ቤዡን ቀጠልነው። ሲያልቅ የቀለሙን ኮድ፣ የምርቱን ስምና የአንጸባራቂነቱን ዓይነት ቴፕ ላይ ጽፋችሁ የመብራት ማብሪያው ሽፋን ውስጥ ለጥፉ። ጋሎኑ ይደርቃል፣ ክዳኑ ላይ ያለው ወረቀት በቀለም ይሸፈናል፣ ልጆች ግን ግድግዳው ላይ መጻፋቸው አይቀርም።